ከመስኮቱ ሳትነሳ ትኬትህን አንብብ

በዚህ እትም ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ውርርድ መስኮት ናቸው። ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ አፍንጮ በር ተወልጄ ያደግኩ፣ ከዚያ አሜሪካ ሄጄ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የፈረስ መሮጫ ሜዳ 14 ዓመት ካሸር ሆኜ የሠራሁ ሴት ነኝ። አሁን ተመልሼ አራት ኪሎ እኖራለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ዕድሜዬ 27 ነው፣ ፒያሳ ነው የምኖረው። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ቤቲንግ ቤት ገብቼ ስክሪን ላይ ለሚሮጡት ፈረሶች 200 ብር ቆረጥኩ። ካሸሯን «አራት ቁጥር» አልኳት። ትኬቱን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። አራት ቁጥር አንደኛ ወጣ። ብሬን ልቀበል ስሄድ «ትኬትህ ሰባት ቁጥር ነው» አለችኝ። ሳየው እውነትም ሰባት ነው። 1,100 ብር አመለጠኝ። ጮህኩባት፣ ሰደብኳትም። ጥበቃው አስወጣኝ። ሆን ብላ ነው ያደረገችው ብዬ ነው የማስበው። ማሽን ቢሆን አይሻልም ነበር? (የፒያሳው)

መልስ፦ ልጄ፣ ብስጭትህ ይገባኛል። 1,100 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን ልጅቷ ሆን ብላ አላደረገችውም። እስቲ አስበው። ትኬቱን ስትቆርጥልህ ውድድሩ ገና አልተጀመረም። አራት ይውጣ ሰባት እሷ በምን ታውቃለች? የተበላው 200 ብርም ለቤቱ እንጂ ለሷ ኪስ አይገባም።

የሆነው ሌላ ነው። «አራት» እና «ሰባት» ጫጫታ ውስጥ አንድ ናቸው። መጨረሻቸው ተመሳሳይ ነው፤ መጀመሪያቸውን ደግሞ የሰው ጩኸት ይውጠዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በአንዱ ስክሪን ኳስ፣ በሌላው ውሻ፣ በሦስተኛው ፈረስ እየሄደ፣ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ ቁጥር መስማት ምን እንደሆነ የተቀመጠበት ያውቀዋል።

እኔም ላይ ደርሷል። የኔ ወጥመድ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ነበሩ፤ አሥራ አምስትና ሃምሳ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቡናማ ባርኔጣ የማይለየው አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበረኝ። የሌሎቹ መስኮት ባዶ ቢሆን እንኳ እኔ ጋ ነበር የሚሰለፈው። አንድ ቀን ውድድሩ ሊጀመር አንድ ደቂቃ ሲቀረው መጣ። ከኋላው ሰባት ስምንት ሰው ቆሟል። «ፊፍቲን፣ ስድስት ቁጥር፣ ዊን» አለኝ፤ ዊን ማለት አንደኛ ይወጣል ማለት ነው። እኔ 50 ነካሁ። ትኬቱ ወጣ። ሰውዬው አንድ ባለ አሥር፣ አንድ ባለ አምስት ዶላር አውጥቶ አስቀመጠ። ብሩን ሳይ ክው ብዬ ቀረሁ። ልሰርዘው እጄን ስዘረጋ የመነሻው በር ተከፈተ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ስክሪኔ ተቆለፈ። ፈረሶቹ ከተነሱ በኋላ መሰረዝ የለም። ሽማግሌው ትኬቱን አይቶ «አዝናለሁ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም» አለና 15 ዶላሩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ትኬቱ የኔ ሆነ ማለት ነው። ስድስት ቁጥር አራተኛ ወጣ። ማታ ሂሳብ ስዘጋ 50 ዶላር ከኪሴ ሞላሁ። እኛ ሜዳ የመሳቢያውን ጉድለት የሚሞላው ካሸሩ ራሱ ነው። ሽማግሌው በማግስቱ ተመልሶ እኔው ጋ ተሰለፈ። አልተቀየምኩትም። እሱ ያለውን ነው ያለው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደንበኛ ያለኝን ሳልደግምለት ትኬት ቆርጬ አላውቅም። «አንድ፣ አምስት፤ አሥራ አምስት» እያልኩ በጣቴ ጭምር አሳይ ነበር። ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

አንተም በበኩልህ እንዲሁ አድርግ። ቁጥር ስትጠራ ጣትህን አንሳ፤ ለአራት አራት ጣት። ትኬቱን ስትቀበል እዚያው ቆመህ የውድድሩን ቁጥር፣ የፈረሱን ቁጥርና የብሩን መጠን እይ። ከኋላህ ያለው ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ስህተት ካለ ውድድሩ ሳይጀመር «እህቴ፣ አራት ነው ያልኩሽ» በላት። ከተጀመረ በኋላ የሚሠራው የታተመው ነው።

ማሽኑን በተመለከተ። ማሽን አይሳሳትብህም፤ ስህተቱን አንተው በጣትህ ትሠራዋለህ። እኛ ጋ ያሉት ማሽኖች የሌሎች ከተሞችንም ውድድር ይሸጡ ነበር። ሰው የሜሪላንድን አምስተኛ ውድድር የቆረጠ መስሎት የኒውዮርክን አምስተኛ ይቆርጣል። ከዚያ ትኬቱን ይዞ እኔ መስኮት ላይ ይመጣል። ማሽኑ ላይ መጮህ አይቻልማ!

ማሽኑ ራሱ የመጣው ሰው በሂሳቡ እንዲተማመን ነው። ፓሪስ ውስጥ ጆሴፍ ኦሌር የሚባል ሰው፣ ሙላን ሩዥ የተባለውን ታዋቂ የጭፈራ ቤት በኋላ ካቋቋሙት አንዱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ አዲስ ዘዴ አመጣ። የተወራራጆች ብር ሁሉ አንድ ቋት ይገባል። ለአዘጋጁ ይቀነሳል። የቀረውን አሸናፊዎች እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን በየመስኮቱ የሚገባውን ብር በደቂቃዎች ውስጥ በእጅ መደመር መከራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 ጆርጅ ጁሊየስ የሚባል መሐንዲስ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ ኤለርስሊ በሚባለው ሜዳ የመጀመሪያውን ራሱ የሚደምር ማሽን ተከለ። ሽቦ፣ መዘውርና የብረት ሳጥን የተወሳሰበበት ግዙፍ ነገር ነው። መጀመሪያ ያሰበው ለምርጫ ድምፅ ቆጠራ ነበር። መንግሥት አልፈልግም ሲለው ወደ ፈረስ አዞረው።

ይሁን እንጂ ከማሽን ጀርባም ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2002 ቺካጎ አጠገብ በተካሄደው፣ በአንድ ቀን ብዙ ውድድር በሚሮጥበት ብሪደርስ ካፕ የተባለ ትልቅ የፈረስ ዝግጅት፣ የስድስት ውድድር አሸናፊዎችን በትክክል የገመቱት ስድስት ትኬቶች ብቻ ነበሩ። ስድስቱም የአንድ ሰው ነበሩ። የመጨረሻውን ውድድር ያሸነፈው ቮልፖኒ ማንም ያልጠበቀው ፈረስ ነው። ትኬቶቹ በመጀመሪያዎቹ አራት ውድድሮች አንድ አንድ ፈረስ ብቻ ይዘዋል፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደግሞ ሁሉንም ፈረስ። አጣሪዎቹን ያነቃቸው ይኸው ነው። ሲመረመር የውርርድ ኮምፒውተሩ ድርጅት ፕሮግራመር፣ አራቱ ውድድሮች ካለቁ በኋላ የጓደኛውን ትኬት ከውስጥ ሆኖ ለውጦታል። ክፍያው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ሳይከፈላቸው ተያዙ፣ ታሰሩም። ይህን ያደረገው ከመስታወት ጀርባ የተቀመጠ ካሸር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ስለምታሳዝነኝ ነው። አንተ የቆረጥክበት ፈረስ ሳር አይበላም። አይደክምም፣ እግሩን አያመውም፣ ጭቃ አያስቸግረውም። ኮምፒውተር ነው በዕጣ ቁጥር የሚያወጣው። ስለዚህ «አራት ቁጥር ዛሬ ሞቆታል» የሚባል ነገር የለም። ኦዱንም፣ ብታሸንፍ ብርህ የሚባዛበትን ቁጥር ማለቴ ነው፣ አስላው። ስድስት ውሾች ቢሮጡና የሁሉም ኦድ 5 ቢሆን፣ በእያንዳንዳቸው ላይ 100 ብር ብትቆርጥ 600 ታወጣለህ። የግድ አንዱ ይወጣልና 500 ትቀበላለህ። መቶዋ የቤቱ ናት። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይህች መቶ ከማን ኪስ እንደምትወጣ ቁጭ ብለህ ደምር።

ልጅቷ ጋ ደግሞ ሂድ። ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ጠዋት ላይ ሂድና «እህቴ፣ የዚያን ቀን ተሳድቤ ነበር፣ ይቅርታ» በላት።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው። ልጠይቀው ስሄድ የፈረስ ውድድር ሊያሳየኝ ቃል ገብቷል። በወጣትነቴ ጃን ሜዳ ፈረስ አይቻለሁ፤ እዚያ ግን መስኮቱም ማሽኑም ግር እንዳይለኝ ምን ልወቅ? (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ደስ አሰኙኝ። እኔንም አባቴ እጄን ይዞ ጃን ሜዳ ይወስደኝ ነበር። ፈረሶቹ ሲያልፉ መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ዛሬም ይሰማኛል።

መስኮት ላይ ሲደርሱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሜዳው ስም፣ ቀጥሎ የውድድሩ ቁጥር፣ ከዚያ የብሩ መጠን፣ ከዚያ የውርርዱ ዓይነት፣ በመጨረሻ የፈረሱ ቁጥር። ካሸሩ የሚጫነው በዚሁ ተራ ስለሆነ ካቀያየሩበት ይዘበራረቅበታል። የፈረሱን ስም አይጥሩ፣ ቁጥሩን ብቻ። ይህ መጀመሪያ በጣም ከብዶኝ ነበር። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ጠቅል እየተባለ ንጉሥ በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ልጅ ነኝ፤ ፈረስን «ሦስት ቁጥር» ብሎ መጥራት ነውር መስሎ ይታየኝ ነበር።

ዊን ካሉ ፈረስዎ አንደኛ መውጣት አለበት። ፕሌስ ካሉ አንደኛም ሁለተኛም ቢሆን ይከፈልዎታል። ሾው ደግሞ እስከ ሦስተኛ ነው። ትንሹ ውርርድ አብዛኛውን ጊዜ 2 ዶላር ነው። ለእርስዎ 2 ዶላር ሾው ይበቃዎታል፤ ዋናው ፈረሱን ማየት ነው።

ማሽኑ ብርዎን ይወስዳል፣ መልስ ግን በጥሬ አይሰጥም። የተረፈውን በወረቀት ቫውቸር ያትምልዎታል። እሱን መውሰድ አይርሱ። ስንቱ ሰው ትኬቱን ይዞ ቫውቸሩን ትቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ከኋላው ያለው ካልጠራው አለቀ።

ውድድሩ ሲያልቅ ትኬትዎን ቶሎ አይጣሉ። ሰሌዳው ላይ ውጤቱ ጸደቀ የሚለው መብራት እስኪበራ ይጠብቁ። አንዱ ፈረስ ሌላውን አሰናክሎ ከሆነ ዳኞቹ ቅደም ተከተሉን ሊቀይሩት ይችላሉ። እዚያ ሜዳ ሥራቸው ብለው ጎንበስ እያሉ የተጣለ ትኬት የሚለቅሙ ሰዎች አሉ። አንዱን አውቀው ነበር። በጫማው ጫፍ ትኬቱን ገልበጥ አድርጎ ያነበዋል፤ ካልሆነ አይጎነበስም። በቀን አንድ ሁለት የሚከፈልበት ያገኝ ነበር።

ክፍያው ከጠበቁት ቢያንስ ካሸሩን አይጠርጥሩ። ከቋቱ መጀመሪያ ለአዘጋጁና ለመንግሥት ይቀነሳል፤ አሜሪካ እንደ ውርርዱ ዓይነት ከ15 እስከ 25 በመቶ ገደማ ነው። ከዚያ ሳንቲሙ ወደ ታች ይጠጋጋል። ለአንድ ዶላር 2 ዶላር ከ78 ሳንቲም ቢደርስ በብዙ ቦታ የሚከፈለው 2 ከ70 ነው።

ብቻ በፕሪክነስ ቀን አይሂዱ። እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ ያለ ትልቅ ውድድር ነው፤ ሕዝቡ አያስቆምም። ተራ ቀን ይሻላል። ወረፋም የለ፣ ፈረሶቹን ከመውጣታቸው በፊት በቅርብ ያዩአቸዋል።

ጥያቄ፦ ቤቲንግ ቤት ካሸር ነኝ። ስህተት በሠራሁ ቁጥር ከደሞዜ ይቆረጣል። ሰው ይሰድበኛል። ትልቅ ሲያሸንፉ ግብር ሲቆረጥ «አንቺ ነሽ የቀነስሽው» ይሉኛል። ማታ እያለቀስኩ ነው የምገባው። ልተወው ወይ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሆዴ ባባ። ሥራውን ተዪው አልልሽም፤ የቤት ኪራይሽን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። እንዴት እንደቆየሁበት ልንገርሽ።

ፈረቃ ስትገቢ መሳቢያውን ያስረከበሽ ሰው ፊት ብሩን ቁጠሪ፤ «ልክ ነው» ስላለሽ አትቀበይ። ሰው ብር ሲሰጥሽ መልሱን እስክትቆጥሪ ድረስ የሰጠሽን ኖት መሳቢያ ውስጥ አትክተቺው፤ ፊት ለፊትሽ ይቀመጥ። «ባለ 200 ነው የሰጠሁሽ» የሚል ጭቅጭቅ ባለ 100ዋ ኖት እዚያው ተዘርግታ ከታየች ወዲያው ይቆማል። እኔ በዚህ ብቻ የወር ጉድለቴን ከግማሽ በታች አወረድኩ። የምትጽፊውን ሁሉ ድገሚላቸው፤ ጉሮሮሽ ቢደርቅም ድገሚ።

ስለ ግብሩ፣ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሎ ነበር። አንቺ የፈጠርሽው ነገር አይደለም። አለቃሽን ጠይቂና ግብር እንደሚቆረጥ በወረቀት ታትሞ መስታወቱ ላይ ይለጠፍ። በቃል ስትነግሪያቸው ይጨቃጨቁሻል፣ የተለጠፈ ወረቀት ሲሆን ግን ያነቡታል።

ጉድለት ሲኖር ደግሞ ዝም ብለሽ አትፈርሚ። የየትኛው ሰዓት፣ የየትኛው ትኬት እንደሆነ በወረቀት ጠይቂ። በራስሽ ደብተር ላይም ቀኑንና መጠኑን ያዢ። ሦስት ወር ከያዝሽ በኋላ ጉድለቱ የሚደጋገመው ምን ቀን፣ ምን ሰዓት እንደሆነ ይታይሻል። የኔ ዓርብ ማታ፣ የመጨረሻው ውድድር ላይ ነበር። ሲደክመኝ መልስ አሳስት ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ማታ መልስ ሁለቴ እቆጥር ነበር።

ከግብሩ ወረቀት ጎን አንድ ሌላም አስለጥፊ። «እባክዎ ከመስኮቱ ሳይነሱ ትኬትዎን ያንብቡ» የሚል። በትልቁ ይጻፍ፤ ከወረፋው ሦስተኛ ላይ የቆመ ሰው እንዲያነበው።