ከታላቁ ሩጫ በኋላ መሮጥ አስጠላኝ

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ከክረምት ጀምሮ ተለማምጄ ዘንድሮ ታላቁ ሩጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቆም ጨረስኩ። ደስታዬ ግን ሳምንትም አልቆየ። ይኸው ወር አለፈ፤ ጫማዬን ሳየው ይደክመኛል። አንዳንዴ ብወጣም ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል። ጓደኛዬ «አይረን ግዢና ዋጪ» ትለኛለች። ዶክተር፣ ምን ነካኝ?

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት! ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ሳይቆሙ መሮጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ሰነፍ አልሆኑም። ለወራት ከአልጋ የሚያስነሣዎት አንድ ቀን ነበር፤ ያ ቀን አለፈ። ድግስ ያለፈበት ቤት በማግስቱ ጭር እንደሚለው ነው። ብዙ ሯጮች ይህ ይገጥማቸዋል። ችግሩ «ፍላጎቴ ሲመለስ እጀምራለሁ» ሲባል ነው። እሱን ሲጠብቁ የሚቀጥለው ኅዳር ይደርሳል።

ትንፋሽ ማጠሩም በከፊል ከሩጫ ከመራቅዎ የመጣ ይመስለኛል። ከውድድር በኋላ አንድ ሁለት ሳምንት ማረፍ ደግ ነው። ዕረፍቱ ከዚያ ሲረዝም ግን የልብና የሳንባ ብቃት መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ አሁን የኅዳሯን ሯጭ ለመድረስ አይሞክሩ። ሰዓትዎን ቤት ይተዉት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ሶምሶማና እርምጃ እያፈራረቁ ይጀምሩ። እየሮጡ ማውራት ካልቻሉ ፈጥነዋል ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የምመክርዎ ግን ከሰው ጋር ቀጠሮ እንዲይዙ ነው። ከመሥሪያ ቤትዎ አንዷን ይያዙ። እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ወይም ጃን ሜዳ። በታኅሣሥ ብርድ ከብርድ ልብስ የሚያወጣው ወኔ አይደለም፤ «ቀርቼ ምን እላታለሁ» የሚለው ይሉኝታ ነው። በሌላ ጊዜ ይሉኝታ ስንት ነገር ያበላሽብናል፤ እዚህ ላይ ግን ይጥቀመን እንጂ! ውድድር ካማረዎት ደግሞ ለሚቀጥለው ይመዝገቡ፤ ያለ ውድድርም መሮጥ ይቻላል።

አሁን ወደ አይረኑ። ጓደኛዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። የወር አበባ የምታይና የምትሮጥ ሴት አይረን ሊያንሳት ይችላል፤ ድካምና ትንፋሽ ማጠር ደግሞ ከምልክቶቹ ናቸው። ነገር ግን ሳይመረመሩ ገዝተው አይዋጡ። ሆድ ያደርቃል፣ ያቅለሸልሻል፤ ሲበዛም ይጎዳል። በደም ምርመራ ሄሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) እና ፌሪቲን ይታዩ። ፌሪቲን የተጠራቀመውን አይረን ያሳያል፤ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ እሱ ብቻ ሊወርድ ይችላል። ደግሞ ከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን ከፍ ማለት ስላለበት፣ ወረቀቱ ላይ «ኖርማል» የሚለው ቁጥር ለአዲስ አበባ ሰው ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ውጤቱን ለሐኪም ያሳዩ።

ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15፣ ሩጫው እንዳለቀ ነው። ጿሚ ከሆኑ ምስርና ሽሮው ጥሩ ነው፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ ሲጨመርበት አይረኑን ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ከምግብ በላይ ወዲያው የሚጠጣው ቡናና ሻይ ግን ይከለክለዋል። ቡናውን ቢያንስ አንድ ሰዓት ያቆዩት። ከባድ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ራስዎን ይጠይቁ። ያስጠላዎት ሩጫው ብቻ ነው ወይስ ጓደኛ፣ ምግብ፣ ሥራም? እንቅልፍዎስ? ሁሉም ነገር ከሁለት ሳምንት በላይ ካስጠላዎት ጉዳዩ ድብርት ሊሆን ስለሚችል መጥተው ያነጋግሩን፤ ሕክምና አለው። ሲሮጡ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ራስዎን ካሳተዎት ግን ሩጫውን ያቁሙና በዚያው ቀን ይታዩ።