ሥዕሉ ላይ ያልነበሩት ሴት

ሰሞኑን አንድ ወጣት የትልቅ ፕሮጀክት የአርክቴክቸር ሥራ (የድርጅቱ ሲስተሞች እንዴት እንደሚገጣጠሙ ማቀድ ማለት ነው) ተሰጥቶት «ቶጋፍን ከሀ እስከ ፐ ልከተል ወይስ የሚጠቅመኝን ልምረጥ?» ብሎ ጠየቀኝ። ቶጋፍ ይህን ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚመራ የታወቀ ማዕቀፍ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ምረጥ። ቶጋፍ ራሱ ከድርጅቱ ጋር እንዲስተካከል ታስቦ የተሠራ ነው፣ ሁሉንም ካልፈጸማችሁ ብሎ አያስገድድም። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። መልሴ ሲረዝም ጊዜ ለሁላችሁም ይሁን አልኩ።

ጀማሪ ሳለሁ የምሠራበት ድርጅት አሮጌውን የክፍያ ሲስተም ሊቀይር ተነሳ። የአርክቴክቸር ቡድኑ ጎበዝ ነበር፣ ይህን አልክድም። አለቃችን ሥርዓት ወዳድ ናቸው። ለሁሉም ነገር ቀለም ነበራቸው፤ ባለበት የሚቆየው ሲስተም ሰማያዊ፣ የሚወገደው ቀይ፣ አዲሱ አረንጓዴ። ቀለሙ የተሳሳተ ሳጥን ካዩ ስብሰባውን አቁመው ያስተካክላሉ። (አጭር ኢሜይል መጻፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፣ ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።) አሁን ያለው፣ ወደፊት የሚኖረው፣ በመሃል ያለው ክፍተት፣ ሁሉም ተሳለ። ግድግዳው ሞላ።

የእኔ ድርሻ የፋይሎችን ዝርዝር መያዝ ነበር፤ የትኛው ፋይል ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ። አንድ ቀን ጠዋት ለሌላ ጉዳይ ሒሳብ ክፍል ስገባ አንዲት ትልቅ ሴት ማታ ከአሮጌው ሲስተም የወጣውን ፋይል በኤክሴል ከፍተው ሲሠሩበት አየሁ። የአንዳንዱ ቅርንጫፍ ኮድ ሦስት አሃዝ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ተቀባዩ ሲስተም ደግሞ አራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፊቱ ላይ ዜሮ ይጨምራሉ። ቀጥለው መጨረሻው ዓምድ ላይ ሰረዝ ያለባቸውን መስመሮች እየለዩ ያጠፋሉ። ሰረዝ ማለት ክፍያው ተሰርዟል ማለት ነው፣ ተቀባዩ ሲስተም ግን ያን ዓምድ ጨርሶ አያነበውም። ከዚያ ሴቭ አድርገው ይጭኑታል። እጃቸው ከመልመዱ የተነሳ እያወሩኝ ነው የጨረሱት። «ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠሩት?» አልኳቸው። «ሁለቱ ሲስተሞች ከተዋወቁ ጀምሮ» ብለው ሳቁ።

የእኛ ሥዕል ላይ እዚያ ቦታ ያለው አንድ ቀስት ነው። «አውቶማቲክ» የሚል ተጽፎበታል።

ለአለቃዬ ነገርኳቸው። «እሱ የኦፕሬሽን ጉዳይ ነው፣ ሥልጠና ላይ ይታያል» አሉኝ። ዝርዝሬ ውስጥም አስገባሁት፤ ዝርዝሩ አባሪ ሆነ፣ አባሪ ደግሞ ማን ያነባል? ሴትየዋም አዲሱ ሲስተም ከመጀመሩ በፊት ጡረታ ወጡ። በተጀመረ ማግስት ፋይሉ ማንም ሳይነካው በቀጥታ ሄደ። ኮዳቸው የጎደለ ክፍያዎች ተመለሱ፣ ይባስ ብሎ የተሰረዙት ተከፈሉ። ሰው ተሯሩጦ ስልካቸውን አፈላልጎ ደወለላቸው። መጥተው ቁጭ ብለው አስረዱ፣ ምሳ ሰዓት እንኳ አልደረሰም ነበር።

የሚቆጨኝ ብልሽቱ አይደለም፣ ብልሽት ይጠገናል። የሚቆጨኝ የሥራ ዕቅዱ ነው። እያንዳንዱ መስመር የሰነድ ስም ነበር፤ ይህ ሰነድ በዚህ ቀን ይፈረማል፣ ያኛው በዚያ ቀን ይጸድቃል። «ሥራውን ከሚሠራው ሰው ጎን ተቀመጥ» የሚል አንድም መስመር የለውም። የሚገርመው ይህ ጉድለት የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። የዚህ ሙያ ፈር ቀዳጅ ጆን ዛክማን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲስተምን በጥያቄዎች ከፋፍሎ የሚያሳየውን ታዋቂ ሰንጠረዥ ሲያወጣ፣ ከጥያቄዎቹ ዝርዝር የነበራቸው ምን፣ እንዴት እና የት ብቻ ናቸው። ማን፣ መቼ እና ለምን በሙሉ መልካቸው የገቡት በ1992 ከጆን ሶዋ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ነው።

እና ምን ላድርግ ካላችሁኝ፣ ዕቅዳችሁን በሰነድ ሳይሆን በውሳኔ ደርድሩት። የደንበኛ መረጃ ባለቤት የትኛው ሲስተም ነው? ማን ይወስናል? እስከ መቼ? ካልተወሰነ የትኛው ቡድን ሥራ ፈቶ ይቀመጣል? የተወሰነውን በአንድ ገጽ ጻፉት፤ ሁኔታው፣ ውሳኔው፣ የሚያስከትለው። ምንም ውሳኔ የማይጠብቀውን ሥዕል ተዉት። ስለ ስብሰባና ቃለ ጉባኤ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ትፈጥናላችሁ፣ እውነት ነው። እኛ ወር የፈጀብንን ዲያግራም በአንድ ከሰዓት ታወጡታላችሁ። ግን ከወንበር አትነሱም! ቻት ላይ ጠይቃችሁ መልስ ከዘገየ «ብሎክ ሆኛለሁ»፣ ማለትም መልስ እስካገኝ ሥራዬ ቆሟል፣ ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ሒሳብ ክፍል እኮ አንድ ፎቅ ታች ነው።

ሥዕል ቀንሱ እያልኩ መልሼ ሥዕል ላዛችሁ ነው መሰለኝ፤ አንዷን ግን አትተዉ፣ መረጃው ዛሬ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የምታሳየውን። በመሃል ሰው ካለ ሰውየውንም ሳሉት። አለቃ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሥዕል አምጡ ካለ ረቂቁን ስጡት፣ ያላረጋገጣችሁት ቀስት ላይ ሁሉ የጥያቄ ምልክት አድርጉበት። ምልክቱን የሚያነሳው ደግሞ ሥራው ሲሠራ በዓይኑ ያየ ሰው ብቻ ይሁን።