የድግምተኞች ጥያቄና መልስ፦ የቱን መጽሐፍ እንደምትጫወቱ ሳትናገሩ አትጠይቁ

ደብተራው፦ እሺ፣ በቃሌ መሠረት መጥቻለሁ። ስለ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ዳይስ እየጣሉ ገጸ ባሕሪ ሆነው የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ) አምስተኛ እትም ድግምተኞች የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ በ2014ቱ የሕግ መጽሐፍ ነው የምትጫወቱት ወይስ በ2024ቱ? (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ስማቸው ሳይለወጥ ሥራቸው የተለወጠ ድግምቶች ሞልተዋል። ሁለተኛ፣ ድግምት ከመምረጣችሁ በፊት ኮንሰንትሬሽን (ድግምቱ እንዲቆይ ሐሳብን ሰብስቦ መያዝ፣ በአንድ ጊዜ ለአንድ ድግምት ብቻ) ይፈልግ እንደሆነ አንብቡ። አንብቡ!

ጀማሪው፦ ሰላም የኔታ። የትኛው ክላስ (የገጸ ባሕሪ ዓይነት) ነው ምርጥ?

ደብተራው፦ ለምን?

ጀማሪው፦ ለመጫወት ነዋ።

ደብተራው፦ ሌሎቹ ምን ያዙ? ስንተኛ ሌቨል (የገጸ ባሕሪው የእድገት እርከን) ናችሁ? የቱ መጽሐፍ? እሱን ይዘህ ተመለስ።

የቦሌዋ፦ እኔ ልጠይቅ። 2014፣ ከሌቨል 1 ነው የምንጀምረው። ዊዛርድ (ከመጽሐፍ ተምሮ የሚደግመው) ልሆን ነበር፣ ግን ሁሉም «በአንድ ምት ትሞቻለሽ» እያሉ ያስፈራሩኛል።

ደብተራው፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። አልዋሹሽም። ሂት ፖይንትሽ (እስክትወድቂ የምትችይው ጉዳት) 6 እና የኮንስቲቱሽን (የአካል ጥንካሬ) ጭማሪሽ ብቻ ነው፣ ጥሩር የለሽም፣ ጋሻ የለሽም። ስለዚህ ከባርባሪያኑ (ግንባር ከሚቆመው ተዋጊ) ጀርባ ቁሚ። ዊዛርድ ግን የሚያዘው ለድግምት መጽሐፉ ነው። ሌቨል 1 ላይ 6 ድግምት ተጽፎበት ትቀበያለሽ፣ በየሌቨሉ 2 በነጻ ትጨምሪያለሽ፣ ሌቨል 5 ስትደርሺ 14 ይሆናል። ከዚያ በላይ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘሽውን ጥቅልል ወይም ያሸነፍሽውን ዊዛርድ መጽሐፍ መገልበጥ ትችያለሽ። ለእያንዳንዱ የድግምት ደረጃ 50 ወርቅና 2 ሰዓት ይወስዳል። ፋየርቦል (የሚፈነዳ የእሳት ኳስ) ሦስተኛ ደረጃ ነው፣ ስለዚህ 150 ወርቅና 6 ሰዓት። እንደ ደብተራ ቁጭ ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ ስሜንም ከዚያ ነው ያወጣሁት።

ሰው የማያየው ግን ሪቹዋሉን ነው። ዊዛርድ ሪቹዋል የሆነ ድግምት መጽሐፏ ውስጥ ካለ ያን ቀን ባታዘጋጀውም፣ 10 ደቂቃ ጨምራ ያለ ስሎት (ድግምት ሲደገም የሚወጣ፣ በቁጥር የተወሰነ ጉልበት) ትደግመዋለች። ፋይንድ ፋሚሊያርን (አገልጋይ እንስሳ የሚጠራ ድግምት) ውሰጂ። 10 ወርቅ የሚያወጣ ከሰል፣ እጣንና ቅጠላ ቅጠል በናስ ማጨሻ ላይ ታቃጥያለሽ፣ ከ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ በኋላ ጉጉት ትመጣልሻለች። ጉጉቷ ጠላት አጠገብ ደርሳ ስትመለስ የመልስ ምት አያገኛትም። በየተራው ትበርና አንዱን ጠላት ታደናግርልሻለች፣ ጓደኛሽ እሱን ሲመታ ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ የተሻለውን ይይዛል። ይህ ሁሉ በስንት ስሎት? በዜሮ። ሰዎች ግን ሌቨል 5 እስኪደርሱና ፋየርቦል እስኪወረውሩ ብቻ ነው የሚጠብቁት።

ዲኤሙ ነኝ፦ ከሰልና እጣን ከሆነማ እኛ ቤት ቡና በተፈላ ቁጥር ጉጉት ይሰበሰብ ነበር።

የቦሌዋ፦ ሃሃሃ። እሺ ዊዛርድ ሆኛለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ባልደርስ ጌት 3 ላይ ሄስት (ሰውን የሚያፈጥን ድግምት) ተደርጎልኝ በአንድ ተራ ሁለት ፋየርቦል እወረውር ነበር። እዚህ ዲኤማችን (ጨዋታውን የሚመራው) ከለከለኝ። ልክ ነው?

ደብተራው፦ ልክ ነው። ያ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፣ ብዙ ሕግ አላልቷል። ጠረጴዛ ላይ የሄስት ትርፍ አክሽን (ድርጊት) ለአንድ የመሣሪያ ምት፣ ለሩጫ፣ ለማፈግፈግ፣ ለመደበቅ ወይም ዕቃ ለመጠቀም ነው። ድግምት የለበትም። ደግሞም ኮንሰንትሬሽን ነው! ደጋሚው በተመታ ቁጥር ዳይስ ይጥላል። ጉዳቱ 30 ከሆነ ግማሹን፣ 15 ማምጣት አለበት። ጉዳቱ 8 ቢሆንም ከ10 አይወርድም። ኮንሰንትሬሽኑ ከተሰበረ ደግሞ ሄስት የተደረገለት ጓደኛው አንድ ሙሉ ተራ ፈዞ ይቆማል፣ ዘንዶው ፊት ለፊት።

ዘንዶ ደሙ፦ ለዚህ እኮ ነው ሶርሰረር (አስማቱ ከደሙ የሆነው ድግምተኛ) የሚሻለው። ሄስትን በትዊንድ ስፔል ለሁለት ሰው ታደርገዋለህ። ዊዛርድህ ይህን ይችላል?

ደብተራው፦ የቱ መጽሐፍ?

ዘንዶ ደሙ፦ ምን ለውጥ አለው?

ደብተራው፦ ይኸው! ምን ብዬ ነበር? በ2014 ይሠራል። በ2024 ትዊንድ ስፔል ከፍ ባለ ስሎት ሲደገሙ ሰው ለሚጨምሩ ድግምቶች ብቻ ነው፣ ሄስት ደግሞ አይጨምርም። በ2014ም ቢሆን ኮንሰንትሬሽንህ ሲሰበር ሁለት ሰው ነው የሚፈዘው።

ዘንዶ ደሙ፦ ጠልተኸን ነው እንጂ።

ደብተራው፦ አልጠላኋችሁም፣ አዘንኩላችሁ። የ2014 ሶርሰረር ሌቨል 5 ላይ 6 ድግምት ነው የሚያውቀው። ዊዛርዱ ኢንተለጀንሱ (የአእምሮ ነጥቡ) 18 ከሆነ ከ14ቱ መርጦ 9 ያዘጋጃል፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ሌላ 9። በ2024 ሶርሰረሩም 9 ሆኖለታል፣ እሱ ጥሩ ማስተካከያ ነው። መጽሐፍ ግን አሁንም የለውም።

ዘንዶ ደሙ፦ መጽሐፍ ሳይሸከሙ ተወልደውበት መድገምን የመሰለ ነገር የለም። አንተ 6 ሰዓት ስትገለብጥ እኔ ተኝቼ አድራለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይህቺ ጥሩ ናት።

አዲሱ ገቢ፦ ዋርሎክ (ከኃያል ፍጡር ጋር ውል ገብቶ የሚደግመው) ስሎቱ ሁለት ብቻ ነው?

ደብተራው፦ ሌቨል 1 ላይ አንድ፣ ከ2 እስከ 10 ሁለት። አጭር ዕረፍት ባረፍክ ቁጥር ይመለሳሉ። ዲኤማችሁ አጭር ዕረፍት የማይሰጥ ዓይነት ከሆነ ተወው። ከሰጠ ደግሞ ኤልድሪች ብላስትህን (ስሎት የማይፈጅ የጥቃት ድግምት) እየተኮስክ ኑር።

ማኅሌት ቋሚ፦ ዋርሎክ ከሰይጣን ጋር ውል የሚገባው አይደለም እንዴ? እናቴ ይህን ወረቀት ብታየው ጠበል ነው የምትወስደኝ።

አዲሱ ገቢ፦ ጨዋታ ነው ባክህ።

ማኅሌት ቋሚ፦ ጨዋታም ቢሆን «ጌታዬ» ብዬ የምጠራው ዲያብሎስ ሲሆን ደስ አይለኝም። አትጫወቱ አላልኩም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ አሜሪካኖቹም በ1980ዎቹ ይህንኑ ብለዋል። ጨዋታው ልጆችን ወደ ሰይጣን አምልኮ ይመራል ተብሎ ቴሌቪዥን ላይ ሳይቀር ተወራ። ዛሬ የእኔ ልጆች ትምህርት ቤት ክበብ አለው።

አዲሱ ገቢ፦ እንግዲያው ዊዛርዱም መተተኛ ነው፣ እሱን ለምን ዝም አልከው?

ማኅሌት ቋሚ፦ እሱ አንብቦ ነው!

ደብተራው፦ ከመስመር ወጣችሁ። ፊንድ (ሰይጣናዊ ጌታ) የማይመቸው ሴለስቲያል ይያዝ፣ በ2024 ዋናው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ጌታህ የሰማይ ፍጡር ይሆናል፣ ፈውስም ይሰጥሃል። ቀጣይ።

ባርዷ፦ ስለ ባርድ (በዜማ ስለሚደግመው) ምን ትላለህ?

ደብተራው፦ አሪፍ ነው። ቀጣይ።

ባርዷ፦ ይኸው ነው?!

ደብተራው፦ ሂፕኖቲክ ፓተርን (ጠላትን የሚያፈዝ ድግምት) ውሰጂ። ኮንሰንትሬሽን ነው።

ድሩይድ ወዳዱ፦ ድሩይድ (እንስሳ መሆን የሚችል ድግምተኛ) ነኝ፤ ድብ ሆኜ ድግምት መድገም እችላለሁ?

ደብተራው፦ በ2014 እስከ ሌቨል 18 አትችልም። ቀድመህ የደገምከውን ግን ድብ ሆነህም ይዘህ መቆየት ትችላለህ። ስለዚህ መጀመሪያ ድገም፣ ከዚያ ድብ ሁን።

ሌላው ጀማሪ፦ ምርጡ ክላስ የቱ ነው?

ደብተራው፦ ወይ ፈጣሪ! ከላይ ያለውን አንብብ።

ጀማሪው፦ የኔታ ተመለስኩ። 2024፣ ሌቨል 3። ፋይተር፣ ሮግና ባርባሪያን (ሁሉም በመሣሪያ የሚዋጉ) አሉ።

ደብተራው፦ ተባረክ። ክለሪክ (በእምነቱ የሚደግምና የሚፈውስ) ሁን። ዊዛርድ ልልህ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ ግን ከእናንተ መሀል የወደቀ የሚያነሳ የለም። ያ ማለት ሲፈውሱ መዋል አይደለም። ሂሊንግ ወርድን (የፈውስ ድግምት) ሰው ሲወድቅ ብቻ በቦነስ አክሽን (በፈጣን ተጨማሪ ድርጊት)፣ ከ60 ጫማ ርቀት ትጠቀምበታለህ። በቀረው ጊዜ ብሌስ ያዝ፣ ሦስት ጓደኞችህ ጠላት ለመምታት ሲጥሉ ባለ 4 ገጽ ዳይስ ይጨመርላቸዋል። ሌቨል 5 ላይ ስፒሪት ጋርዲያንስ (በዙሪያህ ያለውን ጠላት የሚጎዳ ድግምት) ታገኛለህ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ግን አትችልም፣ ምክንያቱም...

ጀማሪው፦ ኮንሰንትሬሽን።

ደብተራው፦ በመጨረሻ!

ዲኤሙ ነኝ፦ ድሮም ዊዛርድ እንዲህ ጉልበተኛ ነበር?

ደብተራው፦ የት አባቱ። በ1974 የጨዋታው ፈጣሪዎች ጋይጋክስና አርነሰን ሲያወጡት ክላሶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ክለሪክ። አስማተኛው ሌቨል 1 ላይ በቀን አንድ ድግምት ብቻ። ያቺን ከደገመ በኋላ ጩቤ ይዞ ከኋላ ከኋላ መከተል ነው፣ ከጩቤ ሌላ መሣሪያ አይፈቀድለትም። ክለሪኩ እንዲያውም ሌቨል 1 ላይ ምንም ድግምት አልነበረውም። ሶርሰረር የመጣው በ2000 ከሦስተኛው እትም ጋር ነው። ስለዚህ ዘንዶ ደሙ፣ ታላቅህን አክብር።

ዘንዶ ደሙ፦ ጩቤህን ይዘህ ሂድ።

ድሩይድ ወዳዱ፦ መጽሐፉ ውድ ነው። በነጻ የሚገኝ የለም?

ደብተራው፦ አለ። መሠረታዊ ሕጉ ኤስአርዲ ይባላል። 5.1 የሚባለው ከጥር 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነጻ ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ክላስ አንድ አንድ ዘርፍ አለው። ለጀማሪ ይበቃል። ለቅምሻ እሱን ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ።

የቦሌዋ፦ የመጨረሻ። መጽሐፌ ቢቃጠልብኝስ?

ደብተራው፦ ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ ልሄድ ነው ብዬ አዝኜ ነበር። ያን ቀን ያዘጋጀሻቸውን ከራስሽ አውጥተሽ እንደገና መጻፍ ትችያለሽ፣ የቀሩት ግን ጠፉ። ስለዚህ ቅጂ ይኑርሽ። የራስሽን መገልበጥ ርካሽ ነው፣ ለአንድ ደረጃ 10 ወርቅና 1 ሰዓት። ሌቨል 5 ላይ፣ በየሌቨሉ የምትችይውን ከፍተኛ ደረጃ እየወሰድሽ ከመጣሽ፣ ስምንት አንደኛ፣ አራት ሁለተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ ደረጃ ይኖርሻል። ድምሩ 220 ወርቅና 22 ሰዓት። ቅጂውን ይዘሽ አትዙሪ፣ ከተማ ውስጥ አደራ አስቀምጪው።

ዲኤሙ ነኝ፦ መጽሐፍ ማቃጠል እኮ አስቤው አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ የኔታ።

የቦሌዋ፦ ደብተራው ምን አደረግከኝ!