መልስ፦ «ጽሑፉን ደገምከው እንጂ አልተነተንከውም» ለተባልከው

አንድ ጽሑፍ የሚተነትን ድርሰት እንድትጽፍ ታዘህ፣ ጽሑፉን ሦስት ጊዜ አንብበህ ጽፈህም መምህሩ እንዲህ ብሎ ከመለሰልህ፣ ችግሩ ያለው ድርሰቱ ላይ ሳይሆን ስታነብ የያዝከው ማስታወሻ ላይ ነው። ጸሐፊው ያለውን ብቻ ከመዘገብክ የምትጽፈውም ያንኑ ይሆናል።

1. በምታነበው ጽሑፍ በየአንቀጹ ጎን ሁለት አጫጭር መስመር ጻፍ፦ «ምን ይላል» እና «ምን ይሠራል»። ስልክ ክፍል ውስጥ ይከልከል የሚል ጽሑፍ ነው እንበል። «ስልክ ትኩረት ይበትናል» የመጀመሪያው ነው። «የተቃዋሚውን ጥያቄ ራሱ አንስቶ፣ ሳይመልሰው ወደ ሌላ ነጥብ ይሻገራል» ደግሞ ሁለተኛው። ትንተና የሚወጣው ከዚህኛው ነው።

2. «ምን ይሠራል» በሚሉት መስመሮች የሚደጋገመውን ፈልገህ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጠው፤ ዋና ሐሳብህ እሱ ነው። «ጽሑፉ ስለ ስልክ ጉዳት ያብራራል» አይበቃም፣ የሚጠይቅህ ሰው የለምና። «ጸሐፊው ከባዱን ተቃውሞ በምሳሌ ብዛት ይሸፍነዋል» ብትል ግን አንባቢው «የቱ ጋ?» ይልሃል። የድርሰቱ አካል የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

3. በድርሰትህ በየአንቀጹ ነጥብህን፣ አጭር ጥቅስ፣ ከዚያ ጥቅሱ ነጥቡን እንዴት እንደሚያሳይ ጻፍ። ለአንድ መስመር ጥቅስ ቢያንስ ሁለት መስመር ማብራሪያ ስጥ። ብዙ ተማሪ ጥቅሱን አስቀምጦ ይሄዳል።

መግቢያውን መጨረሻ ላይ ብትጽፈው ይቀልሃል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ከማስረከብህ በፊት የየአንቀጹን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ ለይተህ አንብብ። «ቀጥሎም ጸሐፊው…»፣ «ከዚያም…» እያሉ የሚጀምሩ ከሆነ የጽሑፉን ቅደም ተከተል እየተከተልክ ተመልሰህ ድግግሞሽ ውስጥ ገብተሃል። ቃላት መቀያየር አያድንህም፤ አንቀጾቹን በራስህ ነጥቦች ቅደም ተከተል እንደገና ደርድራቸው።