«ከትናንት የበለጠ ጥሩ እየሆንኩ ነው» ይባላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ጉንፋን ይዞት ሰነበተ። አዲስ አበባ ያሉት አያቱ ደውለው እንዴት እንደ ሆነ ሲጠይቁት፣ «እማማ፣ ከትናንት የበለጠ ጥሩ እየሆንኩ ነው» አላቸው። እሳቸውም «ድሮስ መቼ መጥፎ ሆነህ ታውቃለህ የኔ ጌታ?» አሉት። እኛ ሳቅን፤ እሱ ግን ምኑ ላይ እንደ ተሳሳተ ንገሩኝ ብሎ ያዘኝ። እኔም ትክክለኛው ሌላ መሆኑን አውቃለሁ እንጂ ምክንያቱን ማስረዳት አልቻልኩም። ደግሞስ በዜና «የኑሮ ውድነቱ ከቀድሞው ይልቅ የበለጠ እየተባባሰ ነው» ሲባል እንሰማ የለም? ያ ትክክል ከሆነ የልጄ ምን ያስቀዋል?

መልስ፦ የልጁ ዐረፍተ ነገር በሰዋስው በኩል አይነቀፍም። «ከ» በቦታው አለ፣ «የበለጠ» በቦታው አለ፣ ግሱም ከባለቤቱ ጋር ተስማምቷል። አያቱ የሰሙት ግን የጤና ወሬ አይደለም። በአማርኛ «ጥሩ ሆነ» የተባለ ልጅ ዐመሉን ያረመ ልጅ ነው፤ ስለዚህ መልሳቸው ለሰሙት ነገር የተሰጠ ትክክለኛ መልስ ነበር።

ልጁ ያሰበው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ የዕለት ተዕለት ንግግር «ጌቲንግ»፣ «ፊሊንግ»፣ «ግሮዊንግ» የሚሉት ቃላት አንድ ነገር በመካሄድ ላይ መሆኑን ያሳያሉ፤ ማነጻጸሪያው ከኋላቸው ይከተላል፦ «ጌቲንግ ቤተር» (እየተሻለ)፣ «ፊሊንግ ዎርስ» (እየባሰበት)፣ «ግሮዊንግ ቶለር» (እየረዘመ)። በተለይ «ጌቲንግ» ለውጥ አለ ከማለት ያለፈ አይናገርም። ምኑ እንደ ተለወጠ፣ ወደ ደጉ ይሁን ወደ ክፉው፣ የሚታወቀው ቀጥሎ ከሚመጣው ቅጽል ነው። ሌላ የሚወዳደር ነገር ካለም «ዛን» ብሎ ይቀጥላል። ልጁ ይህንኑ በቁም ወደ አማርኛ ገለበጠው፤ «ጌቲንግ»ን «እየሆንኩ»፣ «ቤተር»ን «የበለጠ ጥሩ»፣ «ዛን»ን «ከ» አደረጋቸው።

አማርኛ ግን ለውጡን የሚያኖረው በግሱ ውስጥ ነው። ሰፋ፣ ረዘመ፣ ወፈረ፣ ከሳ፣ ደመቀ፣ ከበደ፣ ተወደደ፣ ረከሰ፣ ከፋ፣ ባሰ፣ ተሻለ እያልን ብንቆጥር አያልቅም። በእነዚህ ላይ «እየ» ሲገባ ማነጻጸሩ አብሮ ይገባል። «መንገዱ እየሰፋ ነው» ያለ ሰው መንገዱ ከትናንቱ ዛሬ ሰፊ መሆኑን ተናግሮ ጨርሷል፤ «የበለጠ ሰፊ እየሆነ ነው» ቢል ቃል አበዛ እንጂ ትርጉም አልጨመረም። «እየ» ያለበት ግስ ነገሩን የሚያወዳድረው ከራሱ ከቀድሞ መልኩ ጋር ነውና ሌላ ምስክር አይሻም። «እያደር ጥሬ» የሚለውን አነጋገር ልብ ይበሉ፤ «ከ»ም የለበት «የበለጠ»ም የለበት፣ የመበላሸቱ ጉዞ ግን ሙሉ በሙሉ ተነግሯል።

እንግዲህ «መሆን»ን መጠቀም ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ታዋቂ፣ አስፈላጊ፣ ግልጽ የሚሉት ቅጽሎች ለዚህ የሚመች የራሳቸው ግስ ስለሌላቸው «ይበልጥ ግልጽ እየሆነ መጣ» ማለት ንጹሕ አማርኛ ነው። ግስ እያለ ሲዘለል ግን ጆሮ ይቆረቁራል። ከዘመናዊ «እየዘመነ»፣ ከጎበዝ «እየጎበዘ»፣ ከቆንጆ «እየቆነጀች»፣ ከደሃ «እየደኸየ» አለልን። «ጥሩ» ደግሞ ከሁሉም የባሰ ተንኮለኛ ነው። በዚህ ትርጉሙ የራሱ ግስ ስለሌለው ግሱን የምንመርጥለት እንደ ነገሩ ዓይነት ነው፤ በሽተኛ ይሻለዋል፣ ጠባይ ይታረማል፣ ጠጅ ይጣፍጣል፣ አሠራር ይሻሻላል። እንግሊዝኛ ለአራቱም «ጌቲንግ ቤተር» ብሎ ይገላገላል፤ እኛ አራት ግስ አለን። ልጅዎ ከአራቱ የጠባዩ ድርሻ ላይ ወደቀ።

ስለ ጤና ሲሆን የሚባለው «እየተሻለኝ ነው» ነው። እዚህ ላይ ውጭ አገር ያደጉ ልጆችን የምትጠልፍ ሌላ ትንሽ ወጥመድ አለች፤ «እየተሻልኩ ነው» ይላሉ። በእንግሊዝኛ «እኔ» ባለቤት ስለሆነ በአማርኛም ባለቤት ያደርጉታል። አማርኛ ግን ሕመምንና ስሜትን በሰውየው ላይ የሚደርስ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው፦ ራበኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ ባሰብኝ፣ ተሻለኝ። በሽታው ሲመጣም ሲሄድም ሰውየው ተቀባይ ነው።

«ከትናንት» የሚለውን እንጨምረው? ይህ ከጥያቄዎ ሁሉ የጣመኝ ክፍል ነው። ሁለት ቀን ጎን ለጎን አቁሞ ማወዳደር ለሚፈልግ ሰው «ከትናንት ዛሬ ይሻለኛል» ወይም «ከትናንቱ ዛሬ ተሽሎኛል» ማለት ይበቃዋል። ሁለት የቆሙ ነጥቦች ስለሆኑ «እየ» አያስፈልጋቸውም። «ከትናንት እየተሻለኝ ነው» ቢባል ግን ሰሚው «ከትናንት ጀምሮ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። የአማርኛ «ከ» መነሻንም ብልጫንም በአንድ ፊደል ይሠራል። ግእዝም በ«እም»፣ ትግርኛም በ«ካብ» ሁለቱንም ይሠራሉ፤ ስለዚህ ነገሩ የአማርኛ ጉድለት አይደለም፣ የቤተሰቡ ጠባይ ነው። ግሱ ሁኔታን ሲናገር አያደናግርም፤ «ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ይበርዳል» ያለውን ሰው ማንም አይስተውም። ግሱ ጉዞን ሲናገር ነው ሁለቱ ትርጉሞች የሚጋጩት።

«ገበያው ከአውቶቡስ ተራው እየሰፋ ነው» የሚለውን ይመልከቱ። ገበያው ከአውቶቡስ ተራው ተነሥቶ ወደ ዳር እየተንሰራፋ ነው? ወይስ በስፋት አውቶቡስ ተራውን ሊያልፈው ነው? አይታወቅም። ብዙ ጸሐፊ መድኃኒቱ «ይልቅ» ይመስለውና «ከአውቶቡስ ተራው ይልቅ ገበያው እየሰፋ ነው» ይላል። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ትርጉም መጣ፤ አውቶቡስ ተራው ባለበት ቆሟል፣ የሚሰፋው ገበያው ነው ማለት ሆነ። አንድ ነገር ሌላውን ሊቀድም መንገድ ላይ ያለ እንደሆነ አማርኛ የሚጠራው ግስ «በለጠ» ነው፤ እሱም የተበለጠውን ተሳቢ ያደርጋል፦ «ገበያው በስፋት አውቶቡስ ተራውን እየበለጠው ነው»፤ «ልጁ በቁመት አባቱን እየበለጠው መጣ»። አሻሚነቱ በዚህ ይጠፋል።

ወደ ዜናው ልመለስ። «የኑሮ ውድነቱ ከቀድሞው ይልቅ የበለጠ እየተባባሰ ነው።» ማነጻጸሪያዎቹን አንድ በአንድ ያንሡ፦ ከ፣ ይልቅ፣ የበለጠ፣ ተባባሰ። «ይልቅ» የ«ላቀ» ልጅ ነው፣ «የበለጠ»ም የ«በለጠ»፤ ሁለቱም ማለፍን ይናገራሉ። «ባሰ» ደግሞ በባሕርዩ ሚዛን ያዘለ ግስ ነው። «የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ» ሲባል ከምን የባሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ተባባሰ» ሲሆን ክፋቱ አንዱ አንዱን እየገፋ ተደራርቧል ማለት ነው። «ውድነት»ም ራሱ ክብደቱን ይዞ ቆሟል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ የልጅዎን ያህል ትርጉም አያስትም እንጂ ሸክሙ ከልጅዎ ይብሳል። የሚገርመው ልጁ ታረመ፤ ዜናው በየምሽቱ ይደገማል።

ሸክሙን ማቅለል ቀላል ነው፦ «ኑሮው እየተወደደ መጥቷል»፣ ወይም «የኑሮ ውድነቱ እየባሰ መጥቷል»። እዚህ ላይ «መጥቷል» የሚለውን ረዳት ግስ በከንቱ አልመረጥኩትም። «መጣ» ለውጡን እስከ ተናጋሪው ቀን ድረስ ያደርሰዋል፤ ወደፊት ስለሚሆነው ስንናገር ብዙውን ጊዜ «እየባሰ ይሄዳል» እንላለን።

«ይበልጥ» ከ«እየ» ጋር ፈጽሞ አይግባ ማለት ግን አይቻልም፤ የለውጡ ፍጥነት ራሱ ሲለወጥ ሥራ አለው። «ዋጋው ዓመቱን ሙሉ እየጨመረ ነበር፤ ከሰኔ ወዲህ ግን ይበልጥ እየጨመረ ነው» ቢባል ቃሉ አይወጣም፤ ጭማሪው ጨምሯል ማለት ነውና። እዚያ ቦታ ላይ እኔ «ይበልጥ»ን ከ«የበለጠ» አስቀድማለሁ። «የበለጠ» ስምን ሲቀድም ያምርበታል፦ የበለጠ ገንዘብ፣ የበለጠ ጊዜ። ከግስ ፊት ሲሆን «ይበልጥ» ይስማማል። ጋዜጦቻችን ሁለቱን ካቀላቀሉ ቆይተዋል፤ ተማሪ በዚህ ቢያጠፋ ነጥብ አልቀንስበትም፣ የዜና አዘጋጅ ግን ለይቶ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።