«ኮሌጅ የወደቀ ሰው መሄጃ ነው» ላሉት አባትሽ

ውድ ልጄ፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ መሆንሽን፣ ትምህርት ቤትሽ ከአንድ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ጋር በተስማማው መሠረት ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወርክሾፑ እንደምትሄጂ፣ መካኒካል ኢንጂነር ለመሆን እንደምትመኚ ነግረሽኛል። ታይዋን በሚባለው የከተማችሁ ገበያ ሱቅ ያላቸው አባትሽ ግን «ኮሌጅ የወደቀ ሰው መሄጃ ነው፤ ቅዳሜን ለማትሪክ አጥኚበት» ብለው ሊያስቀሩሽ ነው።

አባትሽ ፈተናውን መፍራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሆኖም ወርክሾፑን የፈተናው ጠላት ማድረጋቸው ስሕተት ነው። የጠበቀ ብሎን በአጭር መፍቻ ታግሎ ያቃተው ተማሪ ረጅሙን ሲይዝ በቀላሉ ሲፈታለት፣ ኃይል በርቀት ሲባዛ ምን ማለት እንደሆነ ክንዱ ይነግረዋል፤ አንዱን ዘንግ ጥቃቅን ልኬት በሚያነበው መሣሪያ፣ በቬርኒየር ካሊፐር፣ ሦስት ጊዜ ለክቶ ሦስት የተለያየ ንባብ ያገኘም የመለኪያ ስሕተትን ምዕራፍ በቃሉ መሸምደድ አያስፈልገውም። ለሦስት አስጠኚዎች ሳይሰስቱ የሚከፍሉ አባት ያለ ክፍያ የሚገኘውን ይህን ትምህርት መከልከላቸው አሳዝኖኛል።

«የወደቀ ሰው መሄጃ» የሚለው አነጋገር በዚህ ከተማ ሲነገር ደግሞ ይበልጥ ያመኛል። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ሐዲዱን በተራራው ላይ ወደ ሐረር ማውጣት እጅግ ውድ ሆኖ በመገኘቱ መስመሩ በቆላው እንዲያልፍ ስለተወሰነ ነው፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም እዚህ ደረሰ፣ የጥገናው ወርክሾፕም እዚሁ ተተከለ። በዚያ ወርክሾፕ ሙያ ይዞ ልጆቹን ያስተማረ አባወራ የማያውቅ የከዚራ ሰፈር ሰው ያለ አይመስለኝም። ዛሬም በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር፣ የሲሚንቶ ፋብሪካውና የኢንዱስትሪ ፓርኩ ማሽን አንብቦ የሚጠግን ሰው ይፈልጋሉ።

እኔ ወደ ምህንድስና የገባሁት በኮሌጅ በር ነው። ሰባት ዓመት በቶርኖ፣ ማለትም በብረት መቅረጫ ማሽን፣ ላይ ቆሜ ከሠራሁ በኋላ በማታው ትምህርት ዲግሪዬን ያዝሁ፤ አብረውኝ የተማሩት በሒሳብ ይበልጡኝ ነበር፣ የተሰበረ ዘንግ ሲመጣ ግን ከየት በኩል መሰንጠቅ እንደጀመረ የሚጠይቁት እኔን ነበር። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲን ዋና ግብሽ አድርጊ፤ ነጥቡ ካልመጣልሽ ግን ቤት ተቀምጠሽ ዓመት ከምታባክኚ በዚያው መስከረም በኮሌጁ ሥልጠና ጀምሪ።

ሴት በመሆንሽ ወንዶቹ ማሽኑን እንደሚሻሙሽ ጽፈሻል፤ ተራ በስም ዝርዝር እንዲያዝ አሠልጣኙን ጠይቂ። የጀማሪ ኢንጂነር ደመወዝ ከአባትሽ የሱቅ ትርፍ ሊያንስ እንደሚችል አልደብቅሽም። እንግሊዝኛሽን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በማንበብ አሻሽይ።

አባትሽን አንድ ቅዳሜ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት አብረውሽ እንዲመጡ ለምኚያቸው፣ አሠልጣኙም እንዲያነጋግራቸው አስቀድመሽ ንገሪው። እሺ ካላሉ የአንድ ሴሚስተር ጊዜ ጠይቂያቸው፤ የፊዚክስና የሒሳብ ውጤትሽ ከቀነሰ ቅዳሜን ራስሽ እንደምትተዪ ቃል ግቢላቸው።