መልስ፦ ኸርበርት ሁቨር የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት ሥራው ምን ነበር?

የማዕድን መሐንዲስ ነበር፤ ያውም ስመ ጥር። እ.ኤ.አ. በ1895 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ ተመረቀ። ዲግሪው ግን ወዲያው እንጀራ አልሆነለትም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኔቫዳ ሲቲ በሚገኝ የወርቅ ጉድጓድ፣ በቀን 2 ዶላር እየተከፈለው 10 ሰዓት ሙሉ የማዕድን ጋሪ ሲገፋ ነበር። እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በ1897 አንድ የለንደን ድርጅት ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ላከው፤ ገና 22 ዓመቱ! ትልቅ ሰው ለመምሰል ጺሙን አሳደገ ይባላል። እዚያም ሰንስ ኦፍ ጓሊያ የተባለውን የወርቅ ማዕድን ድርጅቱ እንዲገዛ መከረ፣ በኋላም ሥራ አስኪያጁ ሆነ። በ1899 ሉ ሄንሪን አግብቶ አብረው ቻይና ገቡ። እሷም የስታንፎርድ ጂኦሎጂ ምሩቅ ናት። በ1556 የታተመ የላቲን የማዕድን መጽሐፍ ሁለቱ ተጋግዘው ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ1912 አሳተሙት። ፕሬዚዳንት ሆኖ ነጩ ቤተ መንግሥት (ዋይት ሐውስ) የገባው በ1929 ነው።